ከዜሮ ያልጀመረው ግራፍ

«ሁስኔ! ማንጎውን ከላይ ነው ከታች የምናደርገው?»

ሁስና ከትምህርት ቤት ተመልሳ በመጋዘኑ በር ገና መግባቷ ነበር። የሙዝ ነጋዴው አባቷ ባድሩ በአምስት ሳጥን ማንጎ መሃል ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። ከጀርባው ጥሬ ሙዝ እስከ ጣሪያው ተከምሯል። ግድግዳው ላይ፣ ከካላንደሩ ጎን፣ እሷና ጓደኛዋ ሉሊት ለሳይንስ ውድድር የሠሩት ግራፍ በፕላስተር ተለጥፏል። ትናንት ለማሳየት ብቻ ነበር ያመጣችው።

«የምን ማንጎ ነው አባዬ?»

«ያንቺ ነዋ! ዘካሪያስ ከጨንቻ ደውሎ ነበር። ቅዳሜ ልጁን ይድራል፣ የበሰለ ሙዝ ይፈልጋል። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ሙዝ ለመብሰል ስድስት ቀን ይፈጃል፣ አይሆንም ልለው ነበር። ከዚያ ይሄን አየሁት።» ወደ ወረቀቱ በኩራት ጠቆመ። «ከማንጎ ጋር ሲሆን ሩብ ጊዜ ነው የሚወስደው። ለአርብ ይደርሳል! አሁን ልደውልለት ነው።»

ሁስና ክው አለች።

ሙከራቸው ምንም ስህተት አልነበረበትም። አሥር ጥሬ ሙዝ በቅጠል ብቻ ሸፈኑ፣ ሌላ አሥር ደግሞ ከበሰለ ማንጎ ጋር። ለመብሰል ያለ ማንጎ በአማካይ 6.2 ቀን፣ ከማንጎ ጋር 5.9 ቀን ፈጀ። ጥፋቱ የመጣው ትምህርት ቤት፣ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። መጀመሪያ ግራፉን ሲሠሩ ሁለቱ ባሮች እንደ መንታ እኩል ሆነው ቁጭ አሉ።

«ኧረ ይደብራል!» አለች ሉሊት። «በዚህ ማን አንደኛ ያወጣናል? ዋይ አክሲሱን፣ ቋሚውን መስመር፣ ከዜሮ ሳይሆን ከ5.8 አስጀምሪው።»

ሁስና ቁጥሩን ቀየረችው። አንዱ ባር ሽቅብ ተመዘዘ፣ ሌላው ድንክ ሆኖ ቀረ፤ የዚያኛውን ሩብ ብቻ አከለ። «ምንም አልዋሸንም እኮ፣ ልኬቱን አልነካንም» አለች ሉሊት። እውነቷን ነበር። ሁስናም በዚሁ ተጽናንታ ዋለች።

አሁን ግን አባቷ ስልኩን ከኪሱ አውጥቷል።

«አባዬ፣ ከጎኑ ያለውን ቁጥር አንብበኸዋል?»

«ቁጥሩን ምን ያደርግልኛል? ቁመቱ ይናገር የለ!»

ዝም ብትል የጨንቻው ሙሽራ ቅዳሜ እንግዶቹን ጥሬ ሙዝ ሊያበላ ነው። አባቷ ደግሞ ቃሉን በልቶ አያውቅም።

«ቆይ፣ አትደውል።»

ወለሉ ላይ የወደቀ ካርቶን አንስታ ማርከር ያዘች። ከታች ዜሮ ጻፈች። ለእያንዳንዱ ቀን የአንድ ጣት ስፋት እየሰጠች ሁለት ባሮች ወደ ላይ ሳለች። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያጠረው በትንሹ ነበር።

«እኩል ናቸው እኮ!» አለ ባድሩ።

«የሚለያዩት በሰባት ሰዓት ብቻ ነው። እኛ ከታች ቆርጠን ጫፉን ብቻ ነው ያሳየንህ። ይቅርታ አባዬ፣ በጣም አፍሬያለሁ።»

ባድሩ ካርቶኑን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ ማንጎውን አየ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው። «እኔ ደግሞ ልጄ ሳይንቲስት ሆነች ብዬ ለገበያው ሁሉ አውርቼ!»

ስልኩ ጮኸ። ዘካሪያስ ነበር።

«ወንድሜ፣ ሙዙ ወላሂ ለቅዳሜ አይደርስም» አለው ባድሩ። ትንሽ አሰበና ቀጠለ። «ግን ስማኝ፣ ማንጎ አለኝ። የበሰለ፣ ማር የሆነ፣ አምስት ሳጥን።» አዳመጠ፤ ፊቱ ፈካ። «በቃ፣ ነገ በመጀመሪያው መኪና ይመጣልሃል።»

ሁስና ለሉሊት ደውላ ሁሉንም ነገረቻት።

«እና ነገ ዳኞቹ ፊት ሁለት እኩል ባር ይዘን ልንቆም ነው?» አለች ሉሊት።

«ሁለቱንም ግራፍ ጎን ለጎን እንለጥፋለን። መጀመሪያ በወረቀቱ ይደነቁ፣ ከዚያ ካርቶኑን እናሳያቸዋለን። አባዬ ምን እንዳደረገም እንነግራቸዋለን።»

«አንደኝነቱ ቀረ በይኛ!»

«ሊቀር ይችላል።»

ሉሊት ወሬውን ቀየረች። «ማንጎውስ አልቋል?»

«ሁለት ደብቄያለሁ።»

«እሺ፣ ካርቶኑን እኔ እይዛለሁ።»

ሁስና ቢላዋ አምጥታ የካርቶኑን ዳር መቁረጥ ጀመረች። ዜሮዋ አብራ እንዳትቆረጥ ከታች ሰፋ አድርጋ ተወችላት።