ውሃ ያልነካቸው ሞተሮች

የዕቃ ዋጋ ገማቹ መጋዘኑ በገባበት በመጀመሪያው ቀን ልብስ ሰፊዋ ፊቱን በቅጡ አላየችውም። ያየችው እጁን ነበር። የእንጨት ሳጥኑን ሲከፍት፣ ሳጥኑን የሚያመው ይመስል ሚስማሩን አንድ በአንድ እየተጠነቀቀ ይነቅል ነበር።

አራት ሳጥኖች፣ አራት አሮጌ የጀልባ ሞተሮች። አባቷ ሞተር ሻጭ ሳለ አስመጥቷቸው ሳይሸጡ የቀሩ ናቸው፤ ፋብሪካቸውም ከተዘጋ ቆይቷል። አሁን አንድ ሰብሳቢ አራቱንም እገዛለሁ ብሏል። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንዳቸውም ተነስተው እንደማያውቁ ገማቹ በፊርማው ያረጋግጥ። አንዱን እንኳ ውሃ ከነካው ግዢው ቀረ።

«አይጨነቁ» አለችው። «ሰውየው እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የጠበቃቸው።»

«ሰውየው ማን ናቸው?»

«አባቴ።»

ገማቹ ቀና ብሎ አያትና ወደ ሚስማሩ ተመለሰ።

«ሰውየው» ማለት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ዓሣ አጥማጅ የነበረው ታላቅ ወንድሟ ያኔ በዶፍ ዝናብ ጀልባው ተገልብጦ ሐይቁ ውስጥ ቀረ። ጎረቤት መርዶውን ይዞ ሮጦ ሲደርስ አባትየውን ሳጥኖቹ መሃል ቁጭ ብሎ አገኘው። ዕቃው ዋጋ እንዳይቀንስበት ልጁን አስበላ ተባለ። እሷም «ለምን አንዱን ሞተር አውጥተህ አልደረስክለትም?» ብላ ጠየቀችው። አንገቱን ደፋ። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ ሰውነቱ ሽባ ሆነ፤ አንደበቱም ተዘጋ። ታጥበዋለች፣ ታጎርሰዋለች፣ ታገላብጠዋለች፤ አታናግረውም።

በሁለተኛው ቀን ባትሪ እያበራች አገዘችው።

«ትንሽ ዝቅ አድርጊልኝ» አለና ደንገጥ ብሎ «ያድርጉልኝ» ሲል ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ!

«ተወው፣ አንቺ ይሻለኛል። ግን ሥራህ ይገርማል፤ ያልሠራ ነገር ነው ዋጋ የሚያወጣው?»

«ሰውም እንደዚያ ቢሆን እኔ ሀብታም ነበርኩ» አለ። «ልቤን ተጠቅሜበት አላውቅም።»

ባትሪውን ሳይላት ጠጋ አደረገችለት።  ሲመሽ አብራው እንድትሄድ ጠየቃት። ሞተሮቹ ሲሸጡ ለአባቷ አስታማሚ ትቀጥራለች፤ ከዚያ እሱ የሚኖርበት ከተማ፣ የራሷ የስፌት ቤት። እሺ ለማለት ስለቸኮለች አፈረች።

በሦስተኛው ቀን ሦስተኛውን ሳጥን ከፈተ። ሞተሩን በእሳት የሚለኩሰውን ካንዴላ ፈቶ አየ፤ የጭስ ማውጫውን በጣቱ ዳሰሰ፤ ጥቀርሻ የነካ ጣቱን ትክ ብሎ አየ።

«ይሄኛው ተነስቷል» አለ ቀስ ብሎ።

«አይሆንም።»

«ጭስ ማውጫው ጠቁሯል። ውሃ ማስገቢያው ውስጥ የደረቀ የሐይቅ ጭቃ አለ። ደግሞ ይኸውልሽ፤ ውሃውን የሚገፋው ፕሮፔለር ላይ የሐይቅ ሣር ወይም ገመድ ሲጠመጠም ሞተሩ እንዳይጎዳ ይቺ ቀጭን የብረት ፒን ትሰበራለች። መለዋወጫዋ ክዳኑ ሥር ታስራ ነው የምትመጣው። በሌሎቹ አለች፤ እዚህ የለችም።»

ተጠጋት። «ስሚኝ። ጭቃውን አጥባለሁ፣ ፒኗንም አመጣለሁ። በሙያዬ ሐሰት ጽፌ አላውቅም፤ ላንቺ ስል ግን እጽፋለሁ።»

እሷ እየሰማችው አልነበረም።

«ፒኗ ስትሰበር ምን ይሆናል?»

«ሞተሩ ይጮሃል፤ ጀልባው ግን ይቆማል።»

«ለመቀየርስ?»

«መሬት ላይ አሥር ደቂቃ። ማዕበል ላይ፣ እጅ እየተንቀጠቀጠ ...»

ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች። የመጋዘኑ የጓሮ በር ሐይቁን ነው የሚያየው፤ በዚያ ዝናብ አባቷን ማን አይቶት? ሄዶ ነበር። የሐይቁ ሣር መሃል ጀልባው ቆሞበት፣ ልጁ ሲጮህ እየሰማ ፒን ሲቀይር ነበር። ሄዶ አለመድረሱ ካለመሄድ ብሶበት፣ ሰው ያሻውን ይበል ብሎ ሞተሩን መልሶ ሳጥኑ ውስጥ ቸነከረው። እሷም ከሰው ጋር ፈረደችበት።

አባቷ የተኛበት ጓዳ ገባች። «አባባ» አለችው።

ሽማግሌው ዓይኑን ወደ እሷ አዞረ። አፉ ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልወጣም። ይቅር በለኝ እያለች ደረቱ ላይ ስታለቅስ እጁን ሊያነሳላት እንኳ አልቻለም።

ስትመለስ ገማቹ ቆሞ ይጠብቃታል።

«ተነስቷል ብለህ ጻፍ» አለችው። «ፒኗንም ጻፍ። በፊርማህ እፈልገዋለሁ።»

«ከጻፍኩ ሽያጩ ቀረ። አስታማሚም የለም። እኛም ...»

«አውቃለሁ።»

«ብጠብቅሽስ?»

«እኔን መጠበቅ የእሱን ሞት መጠበቅ ነው። አሥራ አንድ ዓመት እኔው ስመኝለት ኖሬያለሁ። ካሁን ወዲያ ማንም እንዲመኝለት አልፈልግም። አንተ ደግሞ ሞቱን የምትጠብቅ ሰው እንድትሆን አልፈልግም፤ እወድሃለሁ።»

 ገማቹ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ወረቀቱን ሰጣት። ጣቶቻቸው ሲነካኩ ሁለቱም ቶሎ አላነሱም።

ወረቀቱን ይዛ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች። «ሦስተኛው ሞተር ተነስቷል» ብላ አነበበችለት። «ሐይቅ ገብቷል። ፒኑ ተሰብሮ ተቀይሯል።»

የሽማግሌው ዓይን እንባ ሞላ። ወረቀቱን ትክ ብሎ ስላየው ደገመችለት። ውጪ የገማቹ መኪና ተነስታ፣ ሳትሄድ ቆማ ታጉረመርማለች። አባቷ አሁንም ወረቀቱን ነው የሚያየው። ሦስተኛ ጊዜ አንብባ ስትጨርስ፣ መኪናዋ ሄዳ ደጁ ጭር ብሏል።