የተተረተረው ባና

ሸማኔውን ትዕዛዙን የሰደበው መርስዔ ኃዘን ነው። ኅዳር አሥራ አንድ ቀን፣ የሚካኤል ዋዜማ፣ መሐል ሜዳ ገበያ፣ ከጥሩሸዋ አረቄ ቤት ደጃፍ። ሰዓቱም ይታወቃል፤ ከቀኑ አምስት ሰዓት ገደማ።

ትዕዛዙ ለገበያ ያወጣውን የሱፍ ባና በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፀሐይ ዘረጋው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሄደች አንዲት የሳሳች መስመር አየ።

«ይኼን ነው ባና የምትለው? ድሮስ ከቁጢት በጣሽ ምን ይጠበቃል!»

ገበያው ሳቀ።

ሁለቱ እስከ አራተኛ ክፍል አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የተማሩ ናቸው። መርስዔ ኃዘን ገፋበት፤ ወደ ቆላ በሚወርደው መንገድ የኬላ ፈታሽ ሆነ። ትዕዛዙ አባቱ ሲሞትበት ከመሸመኛው ጉድጓድ ገባ። በመንዝ ብርድ ባና ሳይለብስ የሚያድር ማን አለ? ማንም። የሠራውን ሰው ግን ሰው የሚለው የለም።

ያን ቀን ትዕዛዙ አልመለሰም። ቀኑን ግን በልቡ ያዘ።

የካቲት ስምንት ቀን መርስዔ ኃዘን ሞቶ ተገኘ።

ያገኙት ሣሩ ያለጊዜው እንዳይታጨድ ሕዝቡ የመደባቸው የጓሳ ጠባቂዎች ናቸው። ሜዳው አልቆ ወደ ቆላ ገደል በሚሆንበት ጫፍ፣ ከአንድ ጅብራ ተክል ሥር ተጋድሟል። ማጅራቱ ተፈንክቷል። ጠመንጃው የለም። ስልኩ የለም። ፊቱ ላይ ግማሽ ባና ተጥሎበታል።

ባናው ላይ ያቺ የሳሳች መስመር አለች። ገበያው ሁሉ ያውቃታል፤ ስቆባታልና።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ትዕዛዙን ከመሸመኛው ጉድጓድ አውጥተው አሰሩት።

*

«ስምህ?»

ትዕዛዙ ቀና ብሎ አያት።

«ስምህን ነው የጠየቅኩህ።»

«አንተ የምትለኝ እናቴ ነበረች። እሷም ሞታለች።»

ኢንስፔክተር መቅደላዊት ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ለዚሁ ጉዳይ ከደብረ ብርሃን የመጣች ናት። በሩ ላይ የቆመው ሳጅን ነቢዩ ሳቅ አፈነው።

«ሸማኔው ደግሞ ክብር አማረው» አለ።

ትዕዛዙ ዞር ብሎ አየው። የካቲት ዘጠኝ፤ ከጧቱ ሦስት ሰዓት። ያዘው።

«ይኼን ባና ማን ሠራው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«እኔ።»

«መርስዔ ኃዘን በሰው ፊት ሰድቦሃል?»

«ኅዳር አሥራ አንድ። አምስት ሰዓት ላይ።»

«ተቀይመኸዋል?»

«እስካሁን።»

«ሰውዬው ሞቷል እኮ!»

«ቂሜ አልሞተም።»

ሳጅኑ ቶሎ ብሎ ጻፈው።

«ገደልከው?»

«ብገድለው ኖሮ ፊቱን አልሸፍንለትም ነበር።»

የኢንስፔክተሯ ብዕር ቆመ።

«ሰዉ ሽፍታ ነው የገደለው ይላል። ትናንት በቀብሩ ላይም ይኸው ነበር የሚወራው።»

«ሽፍታ ጠመንጃ ይወስዳል፤ እሺ። ስልክ ይወስዳል፤ እሺ። በዚህ ብርድ ባና ጥሎ የሚሄድ ሽፍታ ግን የት ታይቶ ያውቃል? ይልቅ ሰሚኝ። ይኼን የጣለበት የሟቹን ዓይን አሞራ እንዳያወጣው የሳሳለት ነው። ክርስቲያን ተጋልጦ አይቀርም ያለ ነው። ገድሎታል፣ ግን ይወደዋል። እኔ አልወደውም።»

ኢንስፔክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ታዲያ ባናው ከእጅዎ ወደ ማን ሄደ?»

እጅዎ አለች። ትዕዛዙ ሰማት።

«ወደ ወሰኔ።»

ሳጅን ነቢዩ ከበሩ ወደ ውስጥ ተራመደ። «ጋሽ ወሰኔ? የበግ ነጋዴው? የሟቹ አበልጅ እኮ ናቸው! ልጁን የምሥራችን ክርስትና ያነሷት እሳቸው ናቸው። ትናንት መቃብሩ ውስጥ ልግባ ሲሉ በስንት መከራ ነው የያዝናቸው። ድንኳኑንም የከፈሉት እሳቸው ናቸው!»

«ገበያው ሲስቅብኝ ‹ተዉት፣ ምስኪን ነው፤ እኔ እገዛዋለሁ› አለ» አለ ትዕዛዙ። «ባና ሁለት ክፋይ ነው፤ መሐሉ ላይ ይሰፋል። ስፌቱን እዚያው በጩቤ ተረተረው። ‹ግማሹ ለፈረሴ፣ ግማሹ ለውሻዬ› አለ። ጥሩሸዋ አይታለች።»

መርስዔ ኃዘን ቁጢት በጣሽ ብሎታል። ይኼን ቆጥሯል። የወሰኔን «ምስኪን» ግን ከዚያ አብልጦ ቆጥሮታል።

ጥሩሸዋ ተጠራች። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች።

«ኧረ እኔ እቴ! ገበያ ነው፤ ስንቱን አያለሁ? ጋሽ ወሰኔ ደግሞ ደምበኛዬ ናቸው። ምን ውስጥ ልትከቱኝ ነው!»

ወጣች።

«ይኸውልሽ፣ ኢንስፔክተር፤ ቂም ነው የሚያናግረው» አለ ሳጅኑ።

ከቆላ ጨው ጭነው የወጡ ሁለት ነጋዴዎችም ተይዘው ነበር። መርስዔ ኃዘን ሲሞት መሐል ሜዳ ጨው ሲሸጡ ውለዋል፤ ያያቸው ብዙ ነው። ተለቀቁ። እንግዲህ የቀረው ትዕዛዙ ብቻ ነው። ዕድሜ ልክ የሚያስፈርድ ነገር አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ምስክሩ አንድ ግማሽ ባና ነው።

ኢንስፔክተሯ ተነሥታ መስኮቱ ጋ ቆመች።

«ጥቅምት ላይ በታችኛው መንገድ አውቶቡስ በፈንጂ ሲጋይ ሰምተዋል። የፈንጂው ማቀጣጠያ ብረት ከድንበር ማዶ ነው የሚገባው፤ በዚህ በኩል ይወጣል። አራት ወር መኪና ስንፈትሽ ኖርን፤ አንድም አልያዝንም። መርስዔ ኃዘን ከመሞቱ በፊት ደወለልኝ። ‹የሚያልፈው በመኪና አይደለም፤ ነገ በእጄ አስረክብሻለሁ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።»

«ባናውን አምጪው» አለ ትዕዛዙ።

በካቴና ታስሮ ሳለ አገላበጠው። ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ዳሰሰው።

«ሱፉን ሸምኜ በውኃ ነክሬ በእግሬ ነው የምረግጠው፤ እስኪጠብቅ። የተረገጠ ሱፍ የተሸከመውን ነገር ቅርጽ አይለቅም። ንኪው። ይኼው፣ እንደ ጣት የቀጠነ፤ ይኼው ደግሞ ሌላው፤ በተርታ። የመርፌው ቀዳዳም እኔ የሰፋሁት አይደለም። ኪስ ተሰፍቶበት ነበር። ብረት እዚህ ውስጥ ቢገባ አይንኳኳም።»

ኢንስፔክተሯ ዳሰሰችው። ደጋግማ ዳሰሰችው።

«የሽማግሌ ፈረስ ኬላ ላይ ይፈተሻል?» አለ ትዕዛዙ።

«አይፈተሽም» አለ ሳጅን ነቢዩ፤ ድምፁ ወርዶ። «ነውር ነው።»

«ለቅሶ ደራሽስ?»

ሳጅኑ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

«ጋሽ ወሰኔ ሌላኛውን ግማሽ ለውሻዬ ብለዋል አይደል?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«የመንዝ ሰው ባና ለውሻ የሚለው በአፉ ነው። አንዱ ግማሽ ከጠፋበት ሌላው ዛሬ ከኮርቻው ሥር ነው። ነገ ሠልስት ነው። ውሰጂኝ።»

*

በማግሥቱ፣ ዘመሮ መንደር፣ ከመርስዔ ኃዘን ደጅ ድንኳን ተተክሏል። ትዕዛዙ በሁለት ፖሊስ መሐል ሲመጣ ለቅሶው ወደ ጉምጉምታ ዞረ።

«ገዳዩን ሠልስት ታመጡታላችሁ?»

«ወይ ድፍረት! አንገቱን እንኳ አይደፋም!»

አልደፋም። ለምን ብሎ?

ወሰኔ በግራጫ ፈረሱ መጣ። ልጓሙን ሊቀበሉት የሮጡትን ሰዎች በእጁ መለሳቸው፤ ራሱ ከአጥሩ አሰረው። ከዚያ ጋቢውን አንገቱ ላይ ጥሎ ደረቱን እየመታ ገባ።

«አበልጄን! ወይ አበልጄን! ወንድሜን ሽፍታ በላብኝ!»

የሟቹ ሚስት አመተሥላሴ ተነሥታ ታቀፈችው። ትንሿ የምሥራች እግሩን ይዛ አለቀሰች።

ትዕዛዙ ወደ ፈረሱ ሄደ። እጁን ኮርቻው ላይ አሳረፈ።

የወሰኔ ለቅሶ በቢላ እንደተቆረጠ ቆመ።

«አንተ! ከፈረሴ ራቅ!»

የወሰኔ ዓይን ላይ እንባ አልነበረም።

«ፈረሱ ቢታይ ምን አለው፣ ጋሽ ወሰኔ?» አለች ኢንስፔክተር መቅደላዊት።

«ለቅሶ ላይ ነኝ፣ ልጄ! የኔን ፈረስ ቁጢት በጣሽ ነው የሚፈትሸው? እናንተስ ሰዎች፣ ዝም ትላላችሁ?»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ሳጅን ነቢዩ ግን ጠፍሩን ፈታ። ኮርቻው ወረደ። ከሥሩ ጥቁር ግማሽ ባና ወጣ።

ትዕዛዙ መሬት ላይ ዘረጋው። ሟቹን የሸፈነውን ግማሽ ከጎኑ አነጠፈ። የሳሳችው መስመር በሁለቱም ላይ አለች።

«የሚካኤል ዋዜማ ነበር፤ ቸኮልኩ። ጥቁር ክር አልቆብኝ በቀይ ነው የሰፋሁት። ጩቤ የቆረጠው ስፌት ይኸው፤ ቁራጩ ከዚህም አለ፣ ከዚያም አለ። ያላመነ ይምጣና ያገጣጥም።»

አንድ ሽማግሌ መጥተው ጎንበስ አሉ። አንድ በአንድ አገጣጠሙ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ሌላ ነበር።

«አንድ ባና ነው» አሉ።

«እኔ አይቻለሁ!» አለች ጥሩሸዋ ከሰው መሐል። «በጩቤ ሲተረትሩት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

ዛሬ አየች። ምን ይደረግ።

«ውሻው ጎትቶ ጥሎት ይሆናል! አላፊ አግዳሚ አንሥቶት...» አለ ወሰኔ።

«የቱን? ከሟቹ ፊት የተገኘውን ወይስ ከፈረስዎ ጀርባ የወረደውን?» አለች ኢንስፔክተሯ።

ትዕዛዙ ከኮርቻው ሥር የወጣውን ግማሽ ዳሰሰ። ጣቱ ቆመ። እጁን ቀስ ብሎ አነሣ።

«እዚህ አሁንም አለ።»

«ማንም እንዳይጠጋ!» ኢንስፔክተሯ ተንበረከከች። የአንዱን ኪስ ስፌት በምላጭ ከፈተችው። እንደ ጣት የቀጠነ፣ ጭራው ሽቦ የሆነ ብረት ታየ። ሕዝቡ ልጆቹን እየጎተተ ወደ ኋላ ሸሸ።

አመተሥላሴ ብቻ አልሸሸችም። ወሰኔ ፊት ቆመች።

«አበልጄ፣ ፊቱን የሸፈንክለት አንተ ነህ?»

ወሰኔ መሬት ላይ የተነጠፈውን ባና አየ።

«አሞራ እንዳይነካው ብዬ ነው» አለ።

ሌላ ነገር ማንም አልጠየቀውም። የቀረውን ራሱ አወራው። ሌቦች ከየሰዉ በረት የሚነዱት በግ በሱ ስም ቆላ ይወርዳል፤ ድንበር ይሻገራል። ስንት ዓመት እንዲህ ኖረ። ኋላ በግ ገዢዎቹ ስትመለስ ይኼን ብረት ይዘህ ውጣ አሉት። እምቢ ካልክ የበጉን ጉድ እናወጣዋለን አሉት። እዚህ ከእጁ የሚቀበሉት ደግሞ አውቶቡስ የሚያጋዩት ናቸው።

«እኔ ምንም አላፈነዳሁም! እኔ ነጋዴ ነኝ! አበልጄ ኬላው ላይ እጁን ከኮርቻው ሥር ከተተ። በቀስታ እናውራ ብዬ ወደ ጓሳው ጫፍ ይዤው ሄድኩ። እንካፈል አልኩት። ‹ክርስትና ያነሣሃት ልጅ በአውቶቡስ ነው የምትሄደው፤ ነገ አስረክብሃለሁ› አለኝ። ጀርባውን ሰጠኝ... ዘንግ ይዤ ነበር። ጠመንጃውንና ስልኩን ገደል ከተትኩ፤ የሽፍታ ሥራ እንዲመስል። ፊቱን ሳየው ግን...»

አመተሥላሴ ልጇን ይዛ ወደ ቤት ገባች። በሩን ዘጋች።

ሳጅን ነቢዩ ካቴናውን ከትዕዛዙ እጅ ፈትቶ በወሰኔ እጅ አጠለቀው። ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

«ጋሽ ትዕዛዙ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ኢንስፔክተር መቅደላዊት።

ከሰው መሐል ደግሞ «ጋሽ ትዕዛዙ፣ ይግቡ እንጂ፣ ከድንኳኑ ይቀመጡ» የሚል ድምፅ መጣ። ቅድም አንገቱን አይደፋም ያለው ድምፅ ነው።

ወሰኔን ወደ መኪናው ሲያወጡት ዞሮ ጮኸ።

«ትዕዛዙ! እሱ በገበያ መሐል ሰደበህ! ስትዋረድ ባናህን የገዛሁልህ እኔ ነኝ! ለሰደበህ ሰው ነው እኔን ያስበላኸኝ? ንገረኝ እንጂ! ለማን ብለህ ነው?»

ሕዝቡ ሁሉ መልሱን ሊሰማ ወደ ትዕዛዙ ዞረ።

የካቲት አሥር ቀን ነው። አምስት ሰዓት ገደማ።

ትዕዛዙ ካቴናው ያቀላውን አንጓውን አሻሸ። ጋቢውን ትከሻው ላይ መለሰ። መንገድ ለቀቁለት። ወደ መሸመኛው የሚወስደውን መንገድ ያዘ፤ አልዞረም፤ አልመለሰም።