ከቤዝመንት የወጣችው ኩባያ

ይህ ተረት አይደለም። ሰው ነገረኝ ብዬ የማወራውም አይደለም። በገዛ ዐይኔ ያየሁት፣ በገዛ እጄ የነካሁት ነው።

ያላመነ አንብቦ ይለፈው። እኔ ግን ሰዓቱን ሳይቀር ልንገራችሁ... ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። በፈረንጆቹ 1987፣ የመስቀል ሰሞን። ፈረንጅ አገር፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ሂሊያርድ የሚባል ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ የህንዶች ቤት።

ማንያህልሻል እባላለሁ። ያኔ የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ነበርኩ። በሱዳን በኩል ተሰድጄ መጥቼ፣ በሳምንት ሰባቱንም ቀን የሰው ቤት አጸዳለሁ።

የሂሊያርዶቹ፣ ዶክተሩና ሚስቱ ሱሺላ፣ ደግ ሰዎች ነበሩ። ለእናቴ የስፖንሰር ወረቀት የፈረመልኝ ዶክተሩ ነው።

እናቴ ልትመጣ ነበራ! አፓርትመንቴ ውስጥ ክፍሏን አዘጋጅቼላታለሁ። አልጋ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ነጠላ ጫማ፣ ራስጌዋ ላይ ትንሽ ጠረጴዛ ለውሃዋ። እናቴ ውሃ ስትጠጣ ሁልጊዜ አንድ ጉንጭ ከታች ታስቀራለች። "ይቺ የማንዬ ድርሻ ናት" ብላ ትሰጠኛለች። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲያ ነው።

እነ ሱሺላ ሂንዱዎች ናቸው። ከቤቱ ሥር ያለው ቤዝመንታቸው ውስጥ የቤተሰቡ ቤተ መቅደስ አለ። እዚያ ከቅድመ አያት የወረሷት፣ ክንድ የማትሞላ የነሐስ እመቤት፣ የሴት አምላካቸው ምስል፣ ተቀምጣለች። በየዓመቱ በዚያ ሰሞን ዘጠኝ ቀን ይከበርላታል። ጠዋት ጠዋት ፍራፍሬ፣ ጣፋጭና በነሐስ ኩባያ ውሃ ይቀርብላታል።

በዓሉ ሊገባ ሲል የዶክተሩ አባት ህንድ አገር ሞቱ።

በእነሱ ደንብ ሐዘንተኛ እሷ ፊት አይቀርብም። ዘጠኙ ቀን ደግሞ ተቋርጦ አያውቅም...

ሱሺላ እጄን ያዘችኝ። "ማኒ፣ ከዘራችን ውጪ የሆነ ሰው ሊያቀርብላት ይችላል። ቤትሽ ሐዘን የለም አይደል?"

"የለም።"

ጣዖት ላበላ ነው እንግዲህ! በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። ግን የእናቴን ወረቀት ለፈረመ ሰው እንዴት ብዬ እምቢ ልበል? እሱ ይቅር ይበለኝ ብዬ ገባሁበት። የክፍሉን ቁልፍ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርኩት። ሌላ ቁልፍ የለም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ደህና ነበሩ። ታጥቤ፣ በባዶ እግሬ ገብቼ፣ ምግቡንና ውሃውን አቀርባለሁ። ትንሿን ደወል መትቼ፣ ቆልፌ እወጣለሁ። በማግስቱ አነሳና አዲስ አቀርባለሁ።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩን ስከፍት ግን ኩባያዋ ከቦታዋ የለችም።

በሩ ሥር ነበረች። ከውስጥ በኩል። ውሃው ጢም እንዳለ... ጠብታ አልፈሰሰም።

"እኔው ነኝ ረስቼ እዚህ ያስቀመጥኳት" አልኩ። ሰው ራሱን ማታለል ሲፈልግ ምን ያቅተዋል?

እሑድ ጠዋት...

ኩባያዋ ከተቆለፈው በር ውጪ ነበረች። ምንጣፉ ላይ። ሙሉ።

ሱሺላን ጠራኋት። የሐዘን ነጭ ልብሷን ለብሳ ደረጃው አናት ላይ ቆመች እንጂ አልወረደችም።

"አንቺ ነሽ ያወጣሻት?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"አይደለሁም።"

"ቤትሽ ሰው ሞቷል?"

"ምን ማለትሽ ነው? የሞተባችሁ እናንተ!"

"እኛ አልገባንም፣ ማኒ። ያቀረበው እጅ ያንቺ ነው።"

እዚያው ቁጭ ብላ ነገረችኝ። ድሮ፣ ከባሏ ቅድመ አያቶች አንዱ፣ በበዓሉ መሀል እናቱ ሞተችበት። በዓሉ እንዳይበላሽ ብሎ ሬሳውን ክፍል ውስጥ ቆለፈበት። ለእህቶቹ እንኳን ሳይናገር ለእመቤቲቱ ውሃ አቀረበ። በማግስቱ ኩባያዋ ሬሳው ራስጌ ተገኘች።

"የሐዘንተኛ ውሃ አትጠጣም" አለች ሱሺላ። "ለሞተው ታሳልፈዋለች... ሂጂና ሰዎችሽን ጠይቂ።"

የዚያኑ ቀን ደመራ ነበር። የእኛ አገር ሰው ቤክስሊ የሚባል ሰፈር፣ የሁላችን ሽማግሌ የሆኑት ጋሼ ገብረየስ ግቢ ተሰብስቧል።

ስገባ ወሬው ቀጥ አለ።

ሁልጊዜ "ባል ሳታገኚ አረጀሽ" እያሉ የሚነጅሱኝ እትዬ ሮማነወርቅ አቅፈውኝ አልለቅ አሉ። ጓደኛዬ ጽጌ ዐይኔን ማየት አቃታት። ደግሞ ያን ቀን ስንት ሰው አጎረሰኝ! አንዱ ሲለቀኝ ሌላው ይቀበለኛል።

"ጋሼ" አልኩ ቀስ ብዬ። "ከአገር ቤት ተደውሏል እንዴ?"

"ማን ደወለ?"

"እናቴ... ደህና ናት?"

ጋሼ ገብረየስ ወደ እሳቱ ዞሩ። "ደህና ናቸው። ብይ እንጂ፣ የኔ ልጅ። ምነው አልበላሽም?"

አመንኳቸው። እሳቸውን ያላመንኩ ማንን ላምን ነው?

ሰኞ ኩባያዋ ደረጃው መሀል ላይ ነበረች።

ማክሰኞ ደረጃው አናት ላይ።

ረቡዕ... ዋናው በር ጋ፣ ጫማዬን የማወልቅበት ቦታ ላይ። ሁሌም ሙሉ። እኔም ቃሌን አላጥፍም ብዬ ውሃውን ደፍቼ፣ ቀድቼ፣ መልሼ ቤዝመንት አወርዳታለሁ።

ሐሙስ ዘጠነኛው ቀን ነው።

ኩባያዋ የለችም።

ቤቱን ሁሉ አገላበጥን። ግቢውን፣ መንገዱን ሳይቀር አየን። የለችም። ሱሺላ እንባዋ መጣ።

"ደርሳለች" አለች።

"የት?"

"ቤትሽ ሂጂ፣ ማኒ።"

ሄድኩ። የእናቴ ክፍል በር ላይ እጄን አሳርፌ ብዙ ቆየሁ... አልከፈትኩትም። ፈራሁ።

ዓርብ ሊነጋጋ ሲል የቤቴ በር ተንኳኳ።

ጋሼ ገብረየስ ከፊት። ከኋላቸው ሰባት ሰው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

የአገሬ ሰው በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ብዛት፣ ለምን እንደሚመጣ ማን ያጣዋል?

"የኔ ልጅ፣ ጠንከር በይ..."

"መቼ?"

ጋሼ ሊደግፉኝ እጃቸውን ዘረጉ።

"መቼ ነው የሞተችው?!"

"ባለፈው ዓርብ" አሉ ጋሼ ገብረየስ መሬት መሬት እያዩ። "በዓሉ ይለፍላት ብለን ነው..."

በዓሉ ይለፍላት! እኔ ደመራ ስዞር እናቴ አፈር ለብሳ ነበር። እያወቁ አጎረሱኝ። እያወቁ አሳቁኝ። ክፋት አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ደንባችን እንደሆነም አውቃለሁ። ግን እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣልኝም። አንዲት የነሐስ ምስል ስድስት ቀን ሙሉ የነገረችኝን የገዛ ሰዎቼ ከለከሉኝ።

ጮኼ ጮኼ ድምፄ ሲዘጋ፣ ሴቶቹ ለለቅሶ ፍራሽ መሬት ላይ ሊያነጥፉ ተነሱ። እትዬ ሮማነወርቅ የእናቴን ክፍል ከፍተው ገቡ።

ቆዩ...

"ማንዬ" አሉ ከውስጥ። ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም። "እዚህ ማን ነበር?"

"ማንም።"

"ታዲያ ይህን ውሃ ማን ጠጣው?"

ሰው ደግፎኝ ገባሁ።

ራስጌው ጠረጴዛ ላይ የነሐስ ኩባያዋ ቆማለች። ጠርዟ በአንድ በኩል እርጥብ ነው፣ አሁን ከንፈር የተነሳበት ይመስል።

አጎንብሼ ውስጧን አየሁ...

ከታች አንድ ጉንጭ ውሃ ቀርቷል።