እሱም ጠምቶታል

"እሱም ጠምቶታል፣ እሷም ጠምቷታል። ውሃው ግን ለአንድ ብቻ ነበር የሚበቃው።"

"ታዲያ ለየትኛቸው ሰጠኸው?"

"ለምታደርሰኝ..."

ይህን የሰማሁት ነገሌ ቦረና፣ ጋራዤ ውስጥ፣ መኪና ሥር ተኝቼ ነው። ከቆርቆሮው ግድግዳ ጀርባ ሁለት ሰዎች ያወሩ ነበር። አንደኛው ተክሉ ነው። የሌላውን ድምፅ ዛሬም አላውቀውም። ከዚያ በኋላ ምን እንደተባባሉ አላስታውስም፤ መዶሻዬን አንስቼ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ምን ይደንቃል? እኛ የመኪና ሰዎች ውሃ ያነሳትን መኪና "ጠማት" እንላለን። "እሷ" ተክሉ የሚነዳት ላንድሮቨር ናት። "እሱ" ያለው ደግሞ አንድ የጭነት መኪና መሰለኝ።

አለመሆኑን ያወቅሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የካቲት 1962 ዓ.ም.፣ ቀን ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ከዳዋ ወንዝ ማዶ፣ ወደ ዱብሉቅ በሚወስደው መንገድ።

መማል አልወድም። ግን የሆነ ነገር ነው። በዓይኔ ያየሁት፣ በጆሮዬ የሰማሁት።

ተክሉ ሹፌር ነው። ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ አበልጄ። ቤቴ ሲገባ በር የማያንኳኳ ሰው።

ሀላኬ ደግሞ የተክሉ መንገድ መሪ ነበር። ዝምተኛ የቦረና ጎልማሳ፣ ከነጭ ጣሳው የማይለይ። ጠጥቶ ሲረካ ጣሳውን አፉን ወደ መሬት ይደፋዋል። "በቃኝ" ማለቱ ነው። ካልደፋው ገና ነው፤ ትጨምርለታለህ።

አንድ ቀን ተክሉ ከዱብሉቅ መንገድ ብቻውን ተመለሰ።

"ሀላኬስ?"

"ሞያሌ ወረደ። ኬንያ ሥራ አግኝቷል።"

አመንኩት። አበልጄን ካላመንኩ ማንን ላምን?

የሀላኬ እናት፣ ወተት የሚሸጡት አዴ ጉያቱ፣ ግን ተክሉን አላመኑትም። ወደ እኔ መጡ።

"ወልደየሱስ፣ አንተ ዋሽተህ አታውቅም። ሀላኬ ኮ ናጋዳ? ልጄ ደህና ነው ወይ?"

"ደህና ነው አዴ። ኬንያ ነው" አልኳቸው።

እኔ ነኝ ያልኳቸው። በዚህ አፌ።

ሁለት ዓመት ሙሉ መኪና በመጣ ቁጥር ጋራዡ በር ላይ ይቆማሉ። "ናጋ? ሀላኬ መጣ?" ለእሱ ብለው ያስቀመጧት ጥጃ ላም ሆነች...

ከዚያ ጉዞ ወዲህ ላንድሮቨሯም ታመመች። ነገሌ ውስጥ ደህና ናት። ሊበን ሜዳ ላይ ደህና ናት። ዱብሉቅ መንገድ ላይ አንድ ግራር ጋ ስትደርስ ግን ትፈላለች። ሁልጊዜ እዚያው ግራር ጋ።

እኔ ማንም አላስተማረኝም፤ መኪናን በጆሮዬ ነው የተማርኩት። የካቻቢቴውን ብረት ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳምጣለሁ። የውሃ ፓምፑ ደህና። ቺንጋው አልላላም። ራዲያተሩን አጠብኩት። ቴርሞስታቱን በድስት ቀቅዬ ሲከፈት አየሁት። ጋዝ ወደ ውሃው ገብቶ ይሆናል ብዬ ክዳኑን ከፍቼ አረፋ ጠበቅሁ... አንዲት አረፋ የለም።

"ጤነኛ ናት" አልኩት ተክሉን። "እንጃ፣ ግራሩን ፈርታው ይሆናል።"

አልሳቀም።

"ነገ አብሬህ ልሂድና ልያት።"

"ተወው አበልጄ። መሸጥ ይሻላል።"

ሄድን።

ግራሩ ከሩቅ ሲታይ የሙቀቱ መርፌ ተነሳ። ተክሉ ፊቱን በተቃራኒው አዞረ። ላብ በላብ ሆኗል።

ግራሩ ጋ ቆመን ሞተሩን አጠፋው። ነፋስ የለም። ወፍ የለም።

ካቻቢቴውን አስጠግቼ አዳመጥኩ።

ጉብ... ጉብ... ጉብ...

የጠፋ ሞተር እንዲህ አይልም። ይህ ጉሮሮ ነው። የሰው ጉሮሮ፣ ውሃ ሲውጥ።

ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ቀስ ብዬ ከፈትኩ። እንፋሎት የለም። ራዲያተሩ ባዶ ነው። ነካሁት... እንደ ጉድጓድ ድንጋይ ቀዝቃዛ። ሥሯ ያለው አፈር ላይ ጠብታ እንኳ የለም።

ከያዝናቸው ሁለት ጀሪካኖች አንዱን ሙሉውን አፈሰስኩበት።

ጉብ... ጉብ...

ደረቀ።

በልቤ መዝሙረ ዳዊት ዘጠናን ጀመርኩ። "ከቀትር ጋኔን..." የሚለው ጋ ስደርስ ዓይኔ ግራሩ ሥር አረፈ።

ነጭ ጣሳ። አቧራ ያልነካው። አፉ ወደ ላይ።

"ተክሉ... የሀላኬ ጣሳ እዚህ ምን ያደርጋል?"

ፊቱን ወደ ላንድሮቨሯ አዞረ።

"እሱም ጠምቶታል ያልከው... እሱ ማነው?"

ፊቱ አመድ መሰለ። በሹክሹክታ ተናገረ።

"ፈላችብኝ። ሀላኬ ውሃ የሚቀዳበት ኤላ ፍለጋ በእግሩ ሄደ። 'ጣሳዬን ሞልተህ ጠብቀኝ' አለኝ። ሞላሁለት። ቆየ... በጣም ቆየ። እኔም ያለውን ሁሉ እሷ ላይ አፈሰስኩት። የጣሳውንም።"

"ከዚያስ?"

"ሞተሩ ሲነሳ... ከሩቅ ሲመጣ አየሁት። እየተንገዳገደ።"

"አይተኸው ነው የሄድከው? ለምን አልጫንከውም?"

"ድርሻውን ጨርሼ በምን ዓይኔ ልየው?"

"በይሉኝታ ሰው ገደልክ?"

"ውሃ ይዤ ተመለስኩ እኮ! በማግስቱ። ማንም አልነበረም። ጣሳው ብቻ..."

ልጄን ታቦት ፊት ያቀፉት እጆች ናቸው እነዚያ። ከማዕዴ የበሉት። ሐሰቱን ደግሞ በእኔ አፍ አድርጎ ለአንዲት እናት ላከው።

የቀረውን ጀሪካን አንስቼ ወደ ግራሩ ሄድኩ።

"አበልጄ! የመጨረሻችን ነው! እሷ ካልጠጣች እዚሁ እንቀራለን!"

"ይህ የእሱ ነው።"

ጣሳውን ሞላሁት። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ገለጥኩ። ባዶ። አልተደፋም።

ደገምኩ። ባዶ። አፉ አሁንም ወደ ላይ።

ሦስቴ፣ አራቴ... ጀሪካኑ እስኪንጠፈጠፍ።

"አልረካም" አልኩት። "ተክሉ፣ እናቱ በር ላይ ቆመዋል።"

"እስር ቤት ነው አበልጄ..."

"እናቱ በር ላይ ቆመዋል።"

ፀሐይዋ ከአናታችን አልተነቃነቀችም። ተክሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ ግራሩ አዞረ። ተንበረከከ።

"እሺ" አለ፤ ለእኔ አልነበረም። "እሺ ሀላኬ። ለአዴ ጉያቱ እኔው ራሴ፣ በአፌ እነግራቸዋለሁ። ዛሬውኑ።"

ከኋላችን ውሃ ሲንጠባጠብ ሰማሁ።

ዞርኩ። ራዲያተሩ እስከ አፉ ሞልቶ መሬት ላይ እየፈሰሰ ነበር።

ወደ ግራሩ መለስ ብዬ ሳይ... ጣሳው ተደፍቷል።