ፕሮግራሙ እስኪያልቅ

ሚክዳድ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ አሮጌ ቪላ ጓሮ፣ ከድንጋይ ደረጃው ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። ኢንስፔክተር ዐያን በርከክ ብላ የተሸፈነበትን ጋርባሳር፣ ሰፊ የሴት መከናነቢያ፣ ገለጥ ስታደርግ ዓይኗን የያዘው ፊቱ አልነበረም፤ ከጭንቅላቱ ሥር ያለው፣ ቢጫ ጥልፍ የተጠለፈበት ቀይ ትራስ ነበር። ከደረጃ የወደቀ ሰው ትራስ ላይ አያርፍም። አንድ ሰው አመቻችቶ አስተኝቶታል።

«በጋርባሳርሽ የሸፈንሽው አንቺ ነሽ፣ ኤዶ?» አለች፤ አክስቴ ማለቷ ነው።

«እኔ ነኝ» አለች ሃሊሞ። በዕድሜ የገፋች የቪላው ባለቤት ናት፤ ራሷ ምድር ቤት እየኖረች ፎቁን ለፊልም ሰዎች አከራይታለች። «ከታይዋን ገበያ ስመለስ በጓሮ በኩል ገባሁ፤ አየሁት። ትንፋሽ የለውም። ከራሱ እስከ እግሩ ሸፈንኩትና ጮህኩ። ወላሂ ሰፈሩ በሙሉ መጣ። ከላይ ግን ማንም አልወረደም።»

«ለምን?»

«አቦ፣ ላይቭ ላይ ናቸዋ። ስመጣ የባጃጁ ሾፌር በከፈተው ስልክ ዋርሳን ያወራል፤ እዚህ ስደርስ በጎረቤት ስልክ ገና ያወራል። የወረዱት ፕሮግራሙ ሲያልቅ ነው።»

«ትራሱንስ አንቺ ነሽ ያደረግሽለት?»

«ሳገኘው እንዲሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። ፖሊሶቹም አንቺ እስክትመጪ ሰው አላስጠጉም።»

ዐያን ያንኑ ፕሮግራም አይታ እንደጨረሰች ነበር የተጠራችው። ዋርሳን ድሬዳዋ የምትኮራበት የፊልም ዳይሬክተር ነው። ሳምንቱን ሙሉ «ቅዳሜ ቀጥታ እቀርባለሁ፤ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ፣ እዚያው እመልሳለሁ» ሲል ከርሟል። ዐያን ከድሬዳዋ ወጣ ባለችው ቢዮ አዋሌ ልጅ ሳለች በአንድ ሱቅ ቴሌቪዥን የመጀመሪያ ፊልሙን ቆማ አይታ ነበር። በፊልሙ እናትየው ጠፍቶ የነበረው ልጇ ሲያንኳኳ እየሰማች በሩን አትከፍትለትም። ለምን እንዳልከፈተች ዐያን አድጋም፣ ፖሊስ ሆናም ስታስበው ኖራለች። ያንን ጥያቄ ጽፋ ላከችና ስልኳን ይዛ ተቀመጠች። አቅራቢዋ ሱንዱስ ግን «ይህን ሁሉ ትሕትና ከየት አመጣኸው?» የሚል ጥያቄ «ከቢዮ አዋሌ የደረሰን ነው» ብላ አነበበች። ዐያን የቢዮ አዋሌን ሰው ታውቃለች፤ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ አጋጥሟት አያውቅም። ቅር አላት። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ጠበቀች።

ፎቁ ላይ የቀሩት ዋርሳንና ሱንዱስ ብቻ ናቸው። ሦስተኛውን፣ ስርጭቱን የሚቆጣጠረውን ፍራኦልን፣ ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች ወስደውታል። ምክንያታቸው ቀላል ነው፤ ሁለቱን ያን ሰዓት ከተማው በሙሉ ሲያያቸው ነበር፤ ፍራኦል ግን ከጀርባ ባለው ክፍል፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ብቻውን ነበር። ጠዋትም ከሚክዳድ ጋር ተጨቃጭቋል። ሚክዳድ «ዛሬ እጽፈዋለሁ» እያለ፣ ፍራኦል «ተው» እያለ ሲለምነው ሃሊሞ ሰምታለች።

ድሬዳዋ ላይ አንቱታ ብዙም አይሰማም። ዐያን ግን ዋርሳንን አንተ ለማለት አፏ አልታዘዝ አላት።

«ሚክዳድ ምንዎ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ፊልሜ ጀምሮ ኤዲተሬ ነው። ወንድሜ በይው።»

«ፕሮግራሙ ሲተላለፍ የት ነበር?»

«ወጣ ገባ ይል ነበር። እኔ ካሜራ ፊት ነኝ፣ ምን አውቃለሁ?»

«ጩኸት አልሰሙም?»

«ሰምተናል። የመንገድ ጠብ መሰለን። ቀጥታ ስርጭት ተቋርጦ አይወጣም፣ እህቴ።»

«ወርደው ሲያዩትስ እንዴት ነበር?»

ዋርሳን ዓይኑን ጨፈነ። «የተኛ ነበር የሚመስለው። ፊቱ ላይ ሕመም አልነበረም። ትንሽ ያጽናናኝ እሱ ነው።»

ዐያን የተቀመጠበትን ሶፋ አየች። በአንደኛው ጥግ ቢጫ ጥልፍ ያለው ቀይ ትራስ አለ፤ ሌላኛው ጥግ ባዶ ነው።

ሱንዱስ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ጣቶቿን በሻሿ ጫፍ ትጠቀልላለች።

«ፕሮግራሙ ላይ ጥፍሮችሽ ረጃጅም ነበሩ፣ ቀያይ» አለቻት ዐያን።

«የሚለጠፉ ናቸው። ለውዱእ ስታጠብ አይሆኑም፣ ነቀልኳቸው።»

«መቼ?»

«አሁን፣ መግሪብ ልሰግድ ስል።»

በማግስቱ ጠዋት አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ዐያንን ወደ ጎን ወሰዳት። «ትራሱ የገባው ደሙ ድንጋዩ ላይ መርጋት ከጀመረ በኋላ ነው» አላት። «ሰውየው ወዲያው አልሞተም። ቶሎ ቢያመጡት ኖሮ የምናተርፈው ይመስለኛል።» ከሚክዳድ የሰዓት ማሰሪያ ውስጥ ያወጣትን ቀጭን ቀይ ስባሪም በላስቲክ አድርጎ ሰጣት።

ጣቢያ ስትደርስ ፍራኦል እንቅልፍ ያላየው ዓይኑ ቀልቶ ጠበቃት።

«ሚክዳድን ገፍትረሃል?»

«ጓደኛዬ ነው» አለ፤ እንባው መጣ።

«ሊጽፍ የነበረው ምንድን ነው?»

«ዋርሳንን ጠይቂው።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቢሮዋ ገብታ ፕሮግራሙን እንደገና ከፈተች። አሁን የምታየው ዋርሳንን አልነበረም፤ ሶፋውን ነው። ሲያልቅ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። ንዴቱ ቀላል ነው፤ ያሳፈራት ትናንት እንደ ልጅ ተቀምጣ ስሟ እስኪጠራ መጠበቋ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከፍራኦል በቀር ሁሉንም ፎቁ ላይ ሰበሰበቻቸው። ዋርሳን ሶፋው ላይ ነው፤ ሱንዱስ ከጎኑ፤ ሃሊሞ በሩ አጠገብ ወንበር ይዛለች። ሁለት ፖሊሶች ደረጃው ላይ ቆመዋል።

«ከትራሱ ልጀምር» አለች ዐያን። «ኤዶ ሃሊሞ ሚክዳድን ስታገኘው ትራሱ ከጭንቅላቱ ሥር ነበር። በዚያው ሰዓት በጎረቤት ስልክ ፕሮግራሙ ገና አላለቀም። ፕሮግራሙን ብታዩት ግን እስከ ስንብቱ ድረስ ሁለቱም ትራሶች እዚህ ሶፋ ላይ ናቸው፤ አንዱን ዋርሳን ተደግፎታል። አንድ ትራስ ጓሮም ሶፋም ላይ ሊሆን አይችልም።»

ዋርሳን ወደ ሶፋው ባዶ ጥግ አየ።

«የኤዶ ጩኸትም አለ። እናንተ ራሳችሁ ሰምተናል ብላችኋል። ቪዲዮው ላይ ግን የለም፤ አንዳችሁም ቀና አላላችሁም። ያ ፕሮግራም ቀጥታ አልነበረም፤ ቀድሞ የተቀረጸ ነው። ስለዚህ ከተማው ሲያያችሁ ነበር የሚለው ነገር ቀረ።»

ዋርሳን ጉሮሮውን ጠረገ። «ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። ወንጀል አይደለም።»

«አይደለም። ሚክዳድ ግን ከበደው። የሰዉ ጥያቄ ሲጎርፍ እያየ ዝም ማለት አልቻለም። ‹እጽፈዋለሁ› ያለው ይህንኑ ነው። ፕሮግራሙ እየሄደ ስልኩን ይዞ ወደ ደረጃው ወጣ። አንድ ሰው ተከተለው። ስልኩን ሊቀማው እጁን ያዘው።» ላስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይህች የጥፍር ስባሪ የወጣችው ከሰዓቱ ማሰሪያ ውስጥ ነው።»

ሱንዱስ ስባሪዋን ብዙ ጊዜ አየቻት።

«ስልኩን ብቻ ነበር የፈለግኩት» አለች። ድምፅዋ የአቅራቢዋን ድምፅ አይመስልም። «ጥያቄውን የማነበው እኔ ነኝ። ‹የፈጠራ ጥያቄ የምታነበው› እየተባልኩ በዚህ ከተማ እንዴት እወጣለሁ? ጎተትኩት፣ ጎተተኝ። ከዚያ ገፋሁት።»

«አምንሻለሁ» አለች ዐያን። «ደንግጠሽ ሮጠሽ ገብተሻል። ትራሱን ያመጣው ግን የደነገጠ ሰው አይደለም። ደሙ እስኪረጋ ቆይቶ የወረደ፣ ሚክዳድ እንደሚተነፍስ ያየ፣ አመቻችቶት የተመለሰ ሰው ነው። ለሞተ ሰው ትራስ አይደረግም።» ወደ ዋርሳን ዞረች። «ትናንት ፊቱ የተኛ ይመስላል አልከኝ። እናንተ ስትወርዱ ኤዶ ከራሱ እስከ እግሩ ሸፍናው ነበር፤ ከእኔ በፊት የገለጠው የለም። አንተ ፊቱን መቼ አየኸው?»

አንተ ማለቷን ልብ ያለችው ካለች በኋላ ነው።

ዋርሳን ሱንዱስን አየ። እሷ አላየችውም።

«አምቡላንስ እንጥራ አልኩት» አለች ወለሉን እያየች። «ይናገራል፣ ውሃ ይላል አልኩት። ወርዶ አየውና ተመልሶ ትራሱን ወሰደለት። ‹አሁን ሰው ከመጣ ካሜራ ፊት አለመሆናችንን ያያል፤ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ይታገሳል› አለኝ።»

«ውሃ ብሎ?» አለች ሃሊሞ። ተነስታ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

«ይተርፋል ብዬ ነበር» አለ ዋርሳን። «ፕሮግራሙ ትንሽ ነበር የቀረው። ቀጥታ ብቀርብ ምን እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። ለምን እንደ ድሮው አትሠራም ነው የሚሉኝ። ምን ብዬ ልመልስ?»

«ከተላከልህ ጥያቄ አንዱን እንኳ አንብበሃል?»

«አላነበብኩም።»

ፖሊሶቹ ሲያስነሱት በሩ ላይ ቆም አለ። ዐያን ስለ ሚክዳድ እናት የሚጠይቃት መስሏት ጠበቀችው።

«የተቀረጸ መሆኑ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለሕዝብ የግድ መነገር አለበት?»

«ውሰዱት» አለች ዐያን።

ፍራኦልን ራሷ ሄዳ አስፈታችው። ስልኩንና ቀበቶውን መለሱለት። የጠዋቱ እንባ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር።

«ዋርሳን መጣ አይደል?» አላት። «ትናንት ሲይዙኝ ‹ስለ ቀረጻው ትንፍሽ እንዳትል፤ ነገ ራሴ መጥቼ አስወጣሃለሁ› ብሎኝ ነበር። አብረውኝ የታሰሩት ሲስቁብኝ አደሩ። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ ሰው ጥሎ የሚሄድ አይደለም።»

ዐያን ደጅ ካለው አግዳሚ ወንበር ጥግ ይዛ ቦታ ለቀቀችለት። ፍራኦል ቀበቶውን እያሰረ፣ በሩን በዓይኑ እየፈለገ ከጎኗ ተቀመጠ። እሷም ከየት ጀምራ እንደምትነግረው ማሰብ ጀመረች።