የፍልሰታ ኩርኩፋ

ኑሃሚን ወደ ማድ ቤት የገባችው ጨው ፍለጋ ነበር። እትዬ ልክነሽ ጀርባቸውን ሰጥተው ከቅል ውስጥ ለጋ ቅቤ በማንኪያ ያወጡና ከሁለቱ የሸክላ ሳህኖች በአንዱ ላይ ይጨምራሉ። ቅቤው ትኩሱ ኩርኩፋ ላይ ቀልጦ ሲሰምጥ፣ ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ዳጣ ከላዩ አደረጉና አዋሃዱት።

ኑሃሚን ያ ሳህን የማን እንደሆነ ታውቃለች። የእናቷ ነው። ጊዜው ደግሞ ፍልሰታ ነው።

«እትዬ ልክነሽ! እማ'ኮ ጾመኛ ናት!»

ሴትዮዋ ዘወር አሉ። ድንጋጤ የሚባል ነገር ፊታቸው ላይ የለም።

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። ሁልጊዜም እጨምርላታለሁ። ከሐዋሳ ስትመጡ ደግፌ ከመኪና ያወረድኳት እኔ አይደለሁ? አጥንቷ እጄን ወጋኝ። እኛ ዘንድ ከበሽታ የተነሳ ሰው ያለ ቅቤ አይበላም። ኃጢአት ከሆነ በእኔ ይሁን፤ አንቺ ብቻ ዝም በይ።»

«የእኔስ ሳህን?»

«ያንቺ የጾም ነው። አንቺ ጤነኛ ነሽ፣ ጹሚ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የኑሃሚን እናት ዓለምጸሐይ ክረምቱ ሲገባ ሆዷን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ነበር። ቁስሉ ዳነ፤ እሷ ግን ምግብ ሲቀርብላት ፊቷን ማዞር ለመደች። ሐኪሙ «ካልበላሽ ተመልሰሽ መተኛትሽ ነው» አላት። የንስሐ አባቷ ሳይቀሩ «ዘንድሮ ጾሙ ይቅርብሽ» ብለው ፈቀዱላት። ወይ ፍንክች! የኑሃሚን አባት ሲጨንቀው፣ አየር ብትለውጥ ይሻላታል ብሎ እናትና ልጅን ጫኖ የምትባል መንደር ላካቸው፤ ሙዝና ማንጎ መሃል ወዳለችው የእነ እትዬ ልክነሽ የእንግዳ ማረፊያ። እዚያ የሚያርፍ ሰው ስለ አልጋው ብዙም አያወራም። የሚያወራው ስለ ምግቡ ነው።

ደግሞም እውነታቸውን ነው። ኩርኩፋ ማለት የበቆሎ ዱቄት በትንንሹ እየተድቦለቦለ ከሀለኮ ቅጠል ጋር የሚቀቀል ምግብ ነው፤ ሀለኮ ሌላው አገር ሽፈራው የሚለው ዛፍ ነው። ዓለምጸሐይ ከዚህ በፊት ቀምሳው አታውቅም። መጀመሪያ ለይሉኝታ ያህል አንድ ጉርሻ ወሰደች፤ ከዚያ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው። «ይሄ ሀለኮ የሚሉት ነገር ጉድ ነው! አፌን ከፈተልኝ!» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ሳህኗን ባዶ ታደርገው ጀመር። ጉንጯም ሞላ ማለት ጀመረ።

ኑሃሚን ያን ቀን ዝም አለች። እናቷ ከቅዳሴ ተመልሳ ስትበላ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ የራሷን ኩርኩፋ ታመነዥካለች። ዓለምጸሐይ በልታ ስትጨርስ ለባሏ ደወለች። «እመቤቴ ሰማችኝ! እንደ ምንም ብዬ ጾምኩላት፣ እሷም የምግብ ፍላጎቴን መለሰችልኝ። ልጅህን ጠይቃት፣ ትንገርህ!» ብላ ስልኩን ለኑሃሚን ሰጠቻት።

«አዎ አባ» አለች ኑሃሚን። «በደንብ እየበላች ነው።» ውሸት አልነበረም። ግን ስልኩን ስትመልስ የእናቷን ዓይን ማየት ከበዳት።

በማግስቱ ጠዋት ከእትዬ ልክነሽ ልጅ ከቲጂ ጋር ለምሳ የሚሆን ሀለኮ ይለቅሙ ነበር። ቲጂ እኩያዋ ናት፤ ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርጋ ትይዝላታለች።

«ልነግራት ነው» አለች ኑሃሚን።

«አታካብጂ አቦ! ሰው የደበደብሽ አስመሰልሽው እኮ፤ ቅቤ ነው!»

«ለእሷ ቅቤ ብቻ አይደለም።»

«እሺ ንገሪያት። ከዛ መብላት ታቆማለች። ከዛ ሆስፒታል ትመለሳለች። ደስ ይልሻል?»

ኑሃሚን አንድ እፍኝ ቅጠል ቁናው ውስጥ ጣለች። ቲጂ ልክ ናት፤ ያስፈራትም ይኸው ነው። እናቷ በአፍንጫዋ ቱቦ ገብቶላት የተኛችበት ሌሊት ትዝ አላት። ብትነግራት እናቷን ልታጣ ትችላለች። ባትነግራት ደግሞ እናቷ በየቀኑ ልታመሰግን እጇን ስትዘረጋ፣ እሷ አጠገቧ ተቀምጣ ልታታልላት ነው። ከንግግሩ ይልቅ ዝምታው ይቀላል። ቅጠሉን በቁናው ሞልተው ተመለሱ።

ከቅዳሴ በኋላ ገበታው ማንጎው ሥር ቀረበ። ዓለምጸሐይ አማተበች፤ እጇን ወደ ሳህኗ ሰደደች።

«እማ፣ ቆይ። አትብዪው።»

እጇ እመንገድ ቀረ። «ምነው? ዝንብ ገባበት?»

«ቅቤ አለበት። እስከ ዛሬም ነበረበት። ትናንት ነው ያየሁት፤ አይቼ ዝም አልኩሽ።»

ማሰሮ ይዘው የቆሙት እትዬ ልክነሽ በጋሞኛ የሆነ ነገር አጉረመረሙ። ከዚያ ማሰሮውን መሬት አስቀመጡና «እኔ ነኝ እህቴ» አሉ። «እሷን እንዳትቆጪ። ሞትሽን ፈርቼ ነው።»

ዓለምጸሐይ ሳህኑን ትክ ብላ አየችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። አሁን ትነሳለች፣ ሻንጣሽን አዘጋጂ ትለኛለች፣ ከነገ ጀምሮ ውኃም አትቀምስም፤ ኑሃሚን ሁሉንም በዓይነ ኅሊናዋ አየችው።

እናቷ ሳህኑን በቀስታ ገፋ አደረገችው።

«ለንስሐ አባቴ እደውላለሁ» አለች። «እሱን ለእኔ ተዉት።» ቀና አለችና እትዬ ልክነሽን አየቻቸው። «እርስዎ ግን… ምን ልበልዎት? ሁለተኛ እንዳይለመድዎት!»

«አይለምደኝም እህቴ።»

ቲጂ ሳህኑን ልታነሳ ጎንበስ ስትል ዓለምጸሐይ ወደ ልጇ ዞረች።

«የአንቺ ሳህን ቅቤ የለበትም?»

«የለበትም እማ።»

«በይ አምጪው። ርቦኛል።»

ኑሃሚን ይህን ቃል ከእናቷ አፍ ከሰማች ወራት አልፈዋል። ሳህኗን በሁለት እጇ አንስታ አቀረበችላት። ዓለምጸሐይ አንድ ጉርሻ ወሰደች፤ አኘከች፤ ግንባሯን ቋጠር አድርጋ ትንሽ አሰበች።

«ያኛው ይጣፍጥ ነበር» አለችና ሁለተኛውን ጎረሰች።