ዱቄት የለበሰ ፊት

በሂጅራ አቆጣጠር በሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ አራት ዓመት፣ የአዲስ ዓመቱ የኑሩዝ በዓል አልፎ የኮክ አበባ በዛራፍሻን ወንዝ ላይ ሲረግፍ፣ የሩስያ ጦር ወደ ሰማርቃንድ ገሠገሠ የሚል ወሬ ከገበያ ወደ ገበያ ይዛመት ነበር፤ የቡኻራው አሚርም ለጦሩ ስንቅ አዲስ ግብር ስለ ጣሉ፣ ሕዝቡ በአንድ ወገን መድፉን፣ በሌላ ወገን ግብር ሰብሳቢውን ይፈራ ነበር። የቁርገንቻ ከተማ ዳኛ ቃዲ ቱራብ ግን ከሁለቱም አብልጠው የሚፈሩት ነገር ነበራቸው፤ እርሱም አጫዋች ነው።

ይህን ለማንም ተናግረውት አያውቁም። በግርዛታቸው ድግስ ቀን፣ ፊቱን በዱቄት ያነጣ፣ ቅንድቡን በጥላሸት ያጠቆረ አጫዋች እንደ ፍየል እየዘለለ አሳቃቸው፤ ከልባቸው ሲፈነድቁም ገራዡ ምላጩን አሳረፈባቸው። ከዚያ ወዲህ ነጭ ፊት ባዩ ቁጥር፣ ከሳቁ ጀርባ ምን ይመጣ ይሆን እያሉ ላብ ያጠምቃቸዋል፤ ሰርግ ቤት አጫዋች ከገባም ሶላት ደረሰ ብለው ይወጣሉ።

በባለጸጋው ጥጥ ነጋዴ ሰርግ ላይ ግን መውጫ አጡ፤ ከገዢው ከሻድማን ቤክ አጠገብ አስቀምጠዋቸው ነበርና። ቱርዲ የሚሉት አጫዋች ግብር ሰብሳቢውን መስሎ፣ ዶሮ አቅፎ ብቅ አለ።

"እሜቴ ዶሮ፣ የነገውን ዕንቁላል ዛሬውኑ ለጦሩ አስረክቢ! አምጪ እንጂ፣ ምን ትሽኮረመሚያለሽ? ሩስያ እንደሆነ ቆሞ አይጠብቅሽ!"

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ቤኩ ግን አልሳቁም፤ በማግስቱ ቱርዲን አስይዘው፣ ራሳቸውም ከችሎቱ መጥተው ተቀመጡ።

"በጦር ዘመን በአሚሩ ግብር አላግጧል። ምላሱ ይቆረጥ፤ ፍርዱን አንቱ ይናገሩ፣ ቃዲ።"

እስረኛው ፊቱን ታጥቦ ሲገባ፣ ጉንጩ የጎደጎደ፣ ዕድሜ የተጫነው ተራ ሰው ነበር። ቃዲው ምስክሮቹን፣ "በአላህ ስም ማሉ፤ በሰርጉ ያያችሁት ይህ ነውን?" ብለው ጠየቁ።

"እኔ ያየሁት ዱቄት ነው፣ ጌታዬ" አለ አንደኛው።

"እኔም ያየሁት ዶሮዋን ነው። እሷ ከመጣች አልስታትም" አለ ሁለተኛው።

ቤኩ በቁጣ ቀሉ። "እንግዲያው ዱቄት አምጡና ቀቡት! ያን ጊዜ ማንነቱ ይታያል!"

ወታደሮቹ ዱቄቱን ሲለቀልቁት መጀመሪያ አንዱ ዘብ ሳቀ፤ ቀጥሎ ችሎቱ ሁሉ በሳቅ አውካካ። ቱርዲ ግን አልዘለለም፣ አላላገጠም፤ እጆቹ የፊጥኝ እንደታሰሩ ዝም ብሎ ቆመ። ሳቁ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ፤ ሰዎቹም ዓይናቸውን ከነጩ ፊት ያሸሹ ጀመር።

"ምን ያፈጥብኛል? ወዲያ አዙሩት!" አሉ ቤኩ፣ በትራሳቸው ላይ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ።

ቃዲው እንደ ወትሮው ብድግ ብለው ሊወጡ ቃጣቸው፤ ቢሆንም ዓይናቸውን አልነቀሉም። በዱቄቱ ላይ ላብ ቀጭን ቦይ እያወጣ ሲወርድ፣ ከሥሩ የሰው ቆዳ ሲታይ አዩ።

"ትፈራለህን?" አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"በየሰርጉ እፈራለሁ፣ ጌታዬ። ሰው ካልሳቀ ልጆቼ ይራባሉ፤ ከሳቀም ይኸው።"

ቃዲ ቱራብ ወደ ችሎቱ ዞር ብለው፣ "ሕጉ ሰውየውን ለይተው የሚያውቁ ሁለት ምስክሮች ይሻል። ዱቄት የቀባነው እኛ ነንና ዱቄቱ አይመሰክርበትም። ፍቱት" ብለው በየኑ።

"አንቱም ሳቁብኝ፣ ቃዲ?" አሉ ቤኩ።

"አልሳቅሁም፣ ጌታዬ። ከልጅነቴ ወዲህ በአጫዋች ስቄ አላውቅም።"

ጀንበር ሳትጠልቅ ቃዲው ከሹመታቸው ተሽረው በቤታቸው ታገዱ። ባለቤታቸው ኦይሙሎ፣ "ለአንድ ፌዘኛ ብለው እኛን ገደል ከተቱን?" አለቻቸው፤ እርሳቸውም የፈረስ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ከቤኩ የተላከ ገዳይ መጣ እያሉ ከደጃፋቸው ይቆሙ ነበር። ሆኖም ገዳዩ ሳይመጣ ሰማርቃንድ ወደቀች፤ ሻድማን ቤክም ግምጃ ቤቱን ጭነው ኮበለሉ። ከችሎቱ የተፈታው ቱርዲ ቤተሰቡን ይዞ ወደ በረሃው መሄዱ ተሰማ እንጂ፣ የት እንደ ደረሰ ያወቀ የለም።

የዘመኑ ጸሐፊዎች መድፉን ቆጥረው፣ የጦር አለቆቹን ስም ዘርዝረው ጻፉ፤ ሻድማን ቤክንም "ታማኝ ገዢ" አሏቸው። ስለዚያ ችሎት የጻፈ ግን አልተገኘም። ቃዲ ቱራብ እስከ ዕለተ ሞታቸው አጫዋች እንደ ፈሩ ኖሩ፤ ያ ቀን ከፍርሃታቸው አንዳች አልቀነሰላቸውም፤ እየፈሩ መፍረዳቸውን የሚያውቅም በችሎቱ ዓይን ለዓይን ካያቸው ከዚያ ስደተኛ አጫዋች በቀር አልነበረም።